የድንጋዩ ነዋሪ

ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ሆዱ የሚፈራ መሃል ይግባ። ከዳር የተቀመጠ ኋላ «ማነው የነካኝ?» ብሎ እንዳይጮህብኝ። አንተ ደጀኔ፣ ያን ባትሪህን አጥፋው። መብራቱ ራሱ ሄዶልን አንተ ምን ቤት ነህና ታበራለህ?

ይህን ታሪክ ያጫወቱን ድሮ ሂሳብ ያስተምሩን የነበሩ ህንዳዊ መምህር ናቸው። ልክ እንደ ዛሬው መብራት በጠፋ ማታ ነው የነገሩን። ሂሳቡን ረስቼዋለሁ። ይህን ግን ልርሳው ብል እንኳ እምቢ አለኝ።

እንግዲህ ጊዜው ድሮ ነው። አገሩ ህንድ ነው። መንደሩስ? የመንደሩን ስም አልነገሩንም። «የዚያን መንደር ስም በጨለማ አንጠራም» አሉና ዘለሉት። ሰዓቱ ምሽት ነው፤ ለዓይን ያዝ ያደርጋል። መንገዱ ቀጭን ነው፤ በግራ ኩሬ፣ በቀኝ ዘንባባ። ኩሬው ዝም። ዘንባባው ዝም። በዚያ መንገድ አንድ ሰው ይመጣል። ትከሻው ላይ ከረጢት አለ፤ ከረጢቱ ውስጥ መሮና መዶሻው እየተጋጩ ቅጭል፣ ቅጭል ይላሉ። ሌላ ድምፅ የለም። ሰውየው ብቻውን ነው። ልብ በሉ፣ ብቻውን ነው።

ስሙ ካንዳን ይባላል። ድንጋይ ጠራቢ ነው። አባቱ ጠራቢ፣ አያቱ ጠራቢ። ሚስቱ ፖኒ ትባል ነበር። ነበር ነው ያልኳችሁ። አንድ ክረምት ንዳድ ያዛት፤ ሰነበተች፤ ሞተች። ልጅ እንኳ አልተወችለት።

ከዚያ ወዲህ ካንዳን ቀን ድንጋይ ሲጠርብ ይውላል፣ ማታ ባዶ ቤት ይገባል። ባዶ ቤት ታውቃላችሁ? አታውቁም። እናንተ ስትገቡ «የት አመሸህ?» የሚል አላችሁ። እኔ አውቀዋለሁ። በሩን ስትከፍተው የሚጮኸው ጩኸት እንኳ ሌላ ነው።

ካንዳን አንድ ነገር አይተውም። ፖኒ ትተኛበት በነበረው ሰሌን ራስጌ፣ ማታ ማታ ትንሽ የዘይት መብራት ያበራል። ለምን? ፖኒ ጨለማ ትፈራ ነበር። ሰዎች «ተው እንጂ፣ እሷ እኮ ሞታለች» ሲሉት «ሰው ይሞታል እንጂ ፍርሃቱ ይሞታል ወይ?» ይላቸዋል። 

በዚያን ጊዜ መንደሩ ቤተ መቅደስ ያሠራ ነበር። የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ፣ ከእግሩ እስከ ራሱ ድንጋይ። እናንተ ቤት ሲሠራ የምታውቁት ጭቃና ሲሚንቶ ነው። እነሱ ጭቃም አይሉ፣ ኖራም አይሉ። አንዱን ድንጋይ በሌላው ልክ ይጠርቡትና ላዩ ላይ ያስቀምጡታል፤ ክብደቱ ራሱ ይይዘዋል። ወደ ላይስ በምን ያወጡታል? አፈር ይቆልላሉ። ግንቡ ከፍ ሲል አፈሩንም ከፍ ያደርጉታል፤ ያንን ዳገት ድንጋዩን በዝሆን እየጎተቱ ይወጡታል። የመጨረሻው ድንጋይ አናቱ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ አፈሩን መጥረግ ይጀምራሉ። አፈሩ ዝቅ ሲል ጠራቢዎቹም ከላይ ወደ ታች እያስጌጡ ይወርዳሉ። እዚህ ጣዎስ፣ እዚያ ዝሆን፣ እዚህ የምትጨፍር ሴት፣ እዚያ የኩሬ አበባ። ባዶ ቦታ አይወዱም። ዝንብ የምታርፍበት ካገኙ እዚያ ላይ ዝንብ ይቀርፁበታል፣ አሉ መምህራችን።

አፈሩ ተጠርጎ አለቀ። ጌጡ አለቀ። የምረቃው በዓል ደረሰ። የቀረው ከደጁ ፊት የሚቆመው አንድ ዓምድ ብቻ ነበር። በዓምዱ ላይ የምትቀረፀው በሁለት እጇ መብራት የያዘች ሴት ናት።

የጠራቢዎቹ አለቃ አያ ራንጋን ይባላሉ። እነሱም እንደ እኛ ትልቅን ሰው አያ ይሉታል። አያ ራንጋን ካንዳንን ጠሩትና «ይህቺን ሴት አንተ ቅረፃት» አሉት።

«እኔ?»

«አዎ አንተ። ፊቷን እንደ ወደድክ አድርጋት። እኔ አይቼ እንዳላየሁ እሆናለሁ።»

ካንዳን ገባው። እግራቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ። ለምን እንዳለቀሰ ልንገራችሁ። የፖኒ ፊት እየጠፋበት ነበር። አፍንጫዋን ያስታውሳል። ዓይኗን ያስታውሳል። ስትስቅ ከንፈሯ ወደ አንድ በኩል እንደሚሸሽ ያስታውሳል። አንድ ላይ ሲያደርጋቸው ግን ሌላ ሴት ትሆንበታለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጨርሶ ሊረሳት ነው። ድንጋይ ላይ ካስቀመጣት ግን ማን ይወስድበታል? በየማለዳው ሄዶ ያያታል። በቃ፣ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ይኸው ነበር።

ወደ ድንጋይ ካባው ወጡ። አያ ራንጋን አንዱን ቋጥኝ መረጡና በመዶሻ ጫፍ መቱት። «ድም» አለ። እንደ ሞላ ጆንያ።

«ጥሩ ድንጋይ ነው» አሉ፤ «ግን ሰው አለበት።»

«ምን አለበት?»

«ነዋሪ አለበት። ባዶ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል። ይኼ ነዋሪ አለው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አባትህ ሳይነግርህ አልቀረም፤ እኔም ልድገምልህ። ድንጋዩን በምናወጣበት ዋዜማ፣ ማታ እዚህ ትመጣለህ። ሩዝና ወተት ታስቀምጣለህ። ጎኑ ትተኛለህ። እንዲህም ትለዋለህ፤ ‹በዚህ የምታድር፣ የማላይህ ሆይ፣ ማደሪያህን ፈልጌዋለሁ። አትቆጣኝ። ጓዝህን ይዘህ ውጣልኝ።› ይህን ካልክ በኋላ የሚሄድበትን በጣትህ ታሳየዋለህ፤ ያውልህ፣ ያ ዋርካ አለ። ማሳየቱን እንዳትረሳ።»

«እሺ አያ።»

እሺ አለ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

በዚያ ማታ ዝናብ ወረደ። እንዴት ያለ ዝናብ! ካንዳን ሩዙን በቅጠል ጠቅልሎ፣ ወተቱን ይዞ ከበሩ ቆመ። ወደ ካባው ጨለማ ነው፣ ጎርፍ ነው። ዞር ብሎ የፖኒን መብራት አየ። እሱ ሄዶ ቢያድር ዘይቱ ያልቃል፤ ሰሌኗ ጨለማ ውስጥ ሊያድር ነው። አንድ ማታ እንኳ አድርጎት አያውቅም። አሁን ይህን ሰው ትወቅሱታላችሁ? እኔ አልወቅሰውም። ግን የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

ምን አደረገ? ሩዙንና ወተቱን ከደጃፉ አስቀመጠ። በሩን ዘጋ። ሰሌኑ ላይ ጋደም አለና ከቤቱ ሆኖ ተናገረ። «በዚህ የምታድር፣ የማላይህ ሆይ፣ ማደሪያህን ፈልጌዋለሁ። አትቆጣኝ። ጓዝህን ይዘህ ውጣልኝ።» ጣቱን ወዴት ይቀስር? ዋርካው የት እንዳለ በጨለማ አይታየውም። «ደግሞ የሚሄድበትን እሱ ያውቃል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንቅልፍ ወሰደው።

ሲነጋ ወደ ካባው ሄደ። ቋጥኙን መታው።

«ቃ...ንንን!»

እንደ ደወል። ካንዳን ሳቀ። «ከቤቴ ሆኜም ይሰማል ለካ!» አለ። ድንጋዩን አወጡት፤ በዝሆን ጎትተው ከቤተ መቅደሱ ደጅ አቆሙት። ካንዳንም መቅረፅ ጀመረ።

ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያ ቀጭን መንገድ አለ አይደል? በግራ ኩሬ፣ በቀኝ ዘንባባ። ካንዳን ይሄዳል። መሮውና መዶሻው ቅጭል፣ ቅጭል። ከሩቅ ቤቱን አየ። ቤቱ በርቷል። ጠዋት ሲወጣ መብራቱን አጥፍቶ ነበር። ነው ወይስ አላጠፋም? «ረስቼ ይሆናል» አለ። ገባ። ማንም የለም። መብራቱ ይነዳል፣ ዘይቱ ግን ጢም ብሎ ሞልቷል። ማን ሞላው?

በሌላው ማታ መብራቱ በርቷል፤ እንስራውም ውሃ ሞልቷል። ማን ቀዳው?

በሌላው ማታ ደግሞ ገና መንገዱ ላይ ሳለ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ባዶ እግር ነው። ጠፍ፣ ጠፍ። እሱ ሲቆም ይቆማል። እሱ ሲሄድ ይሄዳል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ትሮጣላችሁ! ካንዳን አልሮጠም። ቆመ።  ወደ ኋላም ሳይዞር፣ ቀስ ብሎ፣

«ፖኒ?» አለ።

ኮቴው ቀረብ አለ።

አያችሁት? ስም አወጣለት። ያ የማይታይ ነገር ስም አልነበረውም፤ እሱ ሰጠው።

ከዚያ በኋላ ካንዳን ሌላ ሰው ሆነ። ሲሠራ ያንጎራጉራል። ማታ ሲመለስ አበባ ይዞ ይመለሳል፤ ሰሌኗ ላይ ያስቀምጥላታል። ጨለማው ውስጥ ተቀምጦ የውሎውን ያወራላታል። ዛሬ እጆችሽን ጨረስኩ። ዛሬ የአንገት ጌጥሽን ጨረስኩ። ሻሽሽን ነፋስ እንደነካው አደረግኩት፣ ብታዪው! መልስ የለም። እስትንፋስ ግን አለ። በዚያ ቤት ውስጥ ከእሱ ሌላ የሚተነፍስ አለ። እሱም ይህ በቃው። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ መድኃኒት የጠፋበት ምን ይምረጥ?

አበባው ግን ጠዋት ማንም ሳይነካው ጠውልጎ ይገኛል። ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ካንዳን ሰሌኑን የሚያነጥፈው ከፖኒ ሰሌን አጠገብ ነበር። አንድ ማታ ሲገባ ሰሌኑ ወደ በሩ ፈንጠር ብሎ ተነጥፏል። መልሶ አስጠጋው። በማግሥቱ ይበልጥ ወደ በሩ ተጠጋ። ቀጥሎ ከበሩ ደፍ ላይ። ቀጥሎ ደግሞ ሲመጣ ሰሌኑ ከነትራሱ ደጅ ወጥቶ፣ እርጥብ መሬት ላይ ተነጥፎ አገኘው።

ፈራ? አልፈራም። ሳቀ። «አኩርፋብኛለች» አለ። በዚያ ማታ ደጅ አደረ። ካንዳን ከገዛ ቤቱ ደጅ፣ ጤዛ እየወረደበት፣ ደስ ብሎት አደረ።

ሥራው ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። ሴትዮዋ ሁሉ ነገሯ አልቋል፤ ፊቷ ብቻ ቀረ። ካንዳን መሮውን ያስጠጋና ያነሳል። ያስጠጋና ያነሳል። ፊቱ አልመጣ አለው። የምረቃው በዓል ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ ነው።

አያ ራንጋን መጡ። «ምነው ልጄ?» አሉት።

«ቸግሮኝ አይደለም አያ። ዛሬ ማታ ራሷን ‹ፊትሽን አሳዪኝ› እላታለሁ።»

«ማንን?»

ካንዳንም ነገራቸው። ሳቅ እያለ፣ እንደ ሙሽራ እያፈረ። መብራቱን ነገራቸው፤ ኮቴውን ነገራቸው። «ኩርፊያዋንስ ቢያዩ! ሰሌኔን አውጥታ ደጅ አሳደረችኝ እኮ» አላቸው።

አያ ራንጋን አልሳቁም። የዓምዱን ጎን በጣታቸው አንጓ መቱት። ድንጋዩ ጮኸ። ባዶ ነው።

«ካንዳን፣ ነገርን ከሥሩ ነው። በዚያ ማታ የት ሆነህ ነው የተናገርከው?»

ካንዳን መሮውን ማገላበጥ ጀመረ።

«የት ሆነህ?»

«ዝናብ ነበር አያ። ቤቴ ሆኜ ነው።»

«ወዴት እንዲሄድ አሳየኸው?»

 የካንዳን ሳቅ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሄደ።

አያ ራንጋን ከድንጋዩ ጥግ ተቀመጡ። «ሰው ከቤቱ ሲያስወጡት የሚገባበት ይፈልጋል» አሉ። «ውጣ አልከው፤ ወጣ። የት እንደሚገባ አልነገርከው። ድምፅህን ተከትሎ መጣ። ያ ቤትህ ያለው ፖኒ አይደለችም ልጄ። ፖኒ ብትሆን ደጅ ታሳድርህ ነበር?»

ካንዳን አለቀሰ። ሁለተኛ የሞተችበት ያን ቀን ነው።

«ስማኝ» አሉት። «ዛሬ ሳይጨልም ሂድ። እንዳትገባ። ከደጅ ሆነህ ቃሉን በለውና ዋርካውን በጣትህ አሳየው። ሌላ ወሬ እንዳታወራ። ቶሎ በል፤ አሁን የቤቱ ባለቤት እሱ መስሎታል። ቃሉን መጀመሪያ አንተ መናገር አለብህ። አንተ!»

ካንዳን ተነሳ። ከረጢቱን አንጠለጠለ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ያንን መንገድ ጀመረው። በግራ ኩሬ፣ በቀኝ ዘንባባ። ቅጭል፣ ቅጭል። ዛሬ ከኋላው ኮቴ የለም። ለምን የለም? አሁን ባለቤት ነኝ ብሏላ፤ ባለቤት ቤቱ ተቀምጦ ይጠብቃል እንጂ መንገድ ላይ አይከተልም።

ቤቱ ደረሰ። ቤቱ በርቷል። በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። ካንዳን ጣቱን ወደ ዋርካው ቀሰረ። አፉን ከፈተ።

ያቺን ቃል ቢናገር ምን ይሆናል? ቤቱ ባዶ ይሆናል። መብራቱን የሚያበራለት የለም፤ ከኋላው የሚመጣ ኮቴ የለም፤ የሚተነፍስ የለም። እንደ ገና ያ በር፣ እንደ ገና ያ ጩኸቱ።  ምናልባት አያ ራንጋን ተሳስተው ቢሆንስ? አንዴ ብቻ፣ አንዴ ብቻ ልጠይቃት አለ።

ጣቱን አወረደ። በሩን ተጠግቶ፣

«ፖኒ፣ አንቺ ነሽ?» አለ።

ውስጥ እስትንፋሱ ቆመ። ዝም። ዝም። ከዚያ ከበሩ ወዲያ፣ ከጆሮው ጣት በማትሞላ ርቀት፣ በካንዳን በራሱ ድምፅ፣

«በዚህ የምታድር፣ የማላይህ ሆይ! ማደሪያህን ፈልጌዋለሁ። አትቆጣኝ። ጓዝህን ይዘህ ውጣልኝ።»

ካንዳን መሮጥ አልቻለም። መናገር አልቻለም። ድምፁ ውስጥ ነው ያለው። ያም ነገር ካንዳን ያልጨመረውን፣ የሚሄድበትን፣ ጨመረለት፤ ከካንዳን ይልቅ እሱ ሥርዓት ያውቅ ነበር።

«እኔ የወጣሁበት አለልህ» አለው። «ባዶ ነው።»

በማግሥቱ አያ ራንጋን ከሁሉ ቀድመው ቤተ መቅደሱ ደጅ ደረሱ። ካንዳን የለም። ከረጢቱ ግን ከዓምዱ ሥር ተቀምጧል። ሴትዮዋ መብራቷን ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ እንደ ትናንቱ ነው፣ ልሙጥ። አያ ራንጋን ዓምዱን መቱት።

«ድም» አለ።

ደግመው መቱት። «ድም።» እንደ ሞላ ጆንያ።

ሽማግሌው ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ አደረጉ። ቃሉን ያውቁታል፤ ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቀው የለም። «በዚህ የምታድር» አሉ። «ካንዳን፣ ልጄ። አትቆጣኝ። ጓዝህን ይዘህ ውጣልኝ። ማደሪያህም...» አሉና ጣታቸውን አነሱ።

ወዴት ያሳዩት? ቤቱን? ቤቱ ባለቤት አለው። ዋርካውን? ሰው ዛፍ ላይ ይኖራል? ከቆሙበት ሆነው የገዛ ቤታቸው ይታያቸዋል። የልጅ ልጆቻቸው ደጃፉ ላይ ይሯሯጣሉ። ጣታቸው ወደዚያ ዞር አለች። «ወደ እኔ ና» ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው። እናንተ ብትሆኑ ትሉት ነበር?

ዝም አላችሁ። አያ ራንጋንም ዝም አሉ። ጣታቸውን አጠፉና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ቀን በኋላ ድንጋይ አልጠረቡም።

ምረቃው ተደረገ። ከበሮ ተመታ፣ አበባ ተበተነ። ፊት የሌላት ሴትዮ እጅ ላይ ዘይት ሞልተው አበሩበት። ፊቷን ልጨርሰው ያለ ጠራቢ አልተገኘም። ካንዳን የሚፈልገው ያን ፊት ነበር፤ እሱኑ ሳያገኝ ቀረ። እኔን የሚያሳዝነኝ ይኼ ነው እንጂ መሞቱስ ሁላችንም እንሞታለን።

ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ደግሞ ከዓምዱ ወደ ቤቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ድምፅ ይሰማል። ቅጭል፣ ቅጭል። ሰው አይታይም። ድምፁ እስከ ካንዳን ደጃፍ ይሄዳል። ቤቱ በርቷል። ይቆማል። ከዚያ ይመለሳል። ቅጭል፣ ቅጭል። በየማታው።

ስለዚህ ከመሸ ብቻችሁን አትሂዱ። ግድ ሆኖባችሁ ከሄዳችሁም፣ ከኋላችሁ ኮቴ ብትሰሙ፣ የናፈቃችሁትን ሰው ስም አትጥሩበት። ምንም ያህል ቢናፍቃችሁ አትጥሩበት።

በሉ አለቀ። ዳቦው ይቅርብኝ፤ ተረቴን መልሱና እስከ ደጄ ሸኙኝ። እንደምታውቁት ቤቴ የሚጠብቀኝ ሰው የለም።

ቆይ። ደጀኔ፣ ያን ባትሪ አጥፋው አላልኩህም? አጥፍተኸዋል?

ታዲያ ያ እኔ ቤት የሚበራው ምንድነው?